የስፌት ሠራተኞች ልጆችና የዘመናዊው ዳንስ ዕድገት

ዘመናዊ ዳንስ ሲነሣ አስቀድመው የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው፤ ኢሳዶራ ዳንከን፣ ሩት ሴንት ዴኒስ፣ ማርታ ግራሃም፣ ዶሪስ ሐምፍሪ። እነዚህ ሴቶች ከባሌት ጠባብ ጫማና ከቤተ መንግሥት ወግ ተላቀው፣ በባዶ እግራቸው መድረኩን ረግጠው፣ የሰው ልጅ ገላ በራሱ አንደበት እንዲናገር ማድረጋቸውን የሚክድ የለም። አንዳቸውም አይሁዳዊት አልነበሩም። ይሁንና ማርታ ግራሃም በ1930ዎቹ ዓመታት (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኋላዋ ያሰለፈቻቸውን ዳንሰኞች ስም የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። አና ሶኮሎው፣ ሶፊ ማስሎው፣ ሊሊ ሜልማን፣ ማሪ ማርቾውስኪ፣ ሊሊያን ሻፔሮ፤ ሁሉም የአይሁድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ለመሆኑ ዳንሰኛነትን እንደ ነውር ከሚቆጥር ቤት የወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜም እናቶቻቸው በስፌት ፋብሪካ ጎብጠው ያሳደጓቸው ልጃገረዶች ወደዚህ ጥበብ እንዴት ገቡ? ሲገቡስ ምን ይዘው ገቡ? መልሱን በእርምጃና በስልት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። ከአያቶቻቸው የወረሱትን የሠርግና የጸሎት እንቅስቃሴ አንዳንዶቹ ዘግይተው ወደ መድረክ አመጡት እንጂ፣ ሲጀምሩ ይዘውት የመጡት ሌላ ነበር። ይዘው የመጡት አዳራሽ፣ ተመልካችና አንድ የማይለቅ ጥያቄ ነው፤ ዳንስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ።

ከ1881 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ከሩሲያ ግዛት፣ ከሩማኒያና ከኦስትሮ-ሀንጋሪ ተነሥተው አሜሪካ ገቡ። ገሚሱን ያሰደደው በዛሮቹ ዘመን በየመንደሩ ይነሣ የነበረው ጭፍጨፋና ዘረፋ ሲሆን፣ ገሚሱን ያሰደደው ድኽነት ነው። እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ደሴት ታችኛው ምሥራቅ፣ አየርና ብርሃን በማይደርስባቸው የኪራይ ፎቆች ውስጥ ነበር። እንጀራቸው መርፌና ክር ነው። የስፌት መኪና ቀን ከሌት በሚንጫጫበት ክፍል አባት ጨርቅ ይቆርጣል፣ እናት ትሰፋለች፣ ልጅ ቁልፍ ይተክላል። ይህ ኑሮ የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም ያየው ማርች 25 ቀን 1911 ነው። በዚያን ዕለት ትራያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ሲቃጠል አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ስለነበር 146 ሠራተኞች ገሚሱ በእሳት፣ ገሚሱ ከፎቅ ራሱን እየወረወረ አለቀ። አብዛኛዎቹ የአይሁድና የጣልያን ስደተኞች የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባና ሰልፍ በዚህ ሰፈር እንደ ጸሎት ቤት የሚዘወተር ሆነ። በኋላ መድረክ ላይ የወጡት ልጆች መጀመሪያ ሰው በአንድ ላይ ሲራመድ ያዩት በነዚህ ሰልፎች ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚሁ ሰፈር ሊሊያን ዎልድ የተባለች ነርስ በ1893 አንድ የመረዳጃ ቤት አቋቁማ ነበር። ዎልድ ከጀርመን ቀደም ብለው መጥተው ከተደላደሉ አይሁድ ወገን የተወለደች ናት። በጎዳናው ስም ሄንሪ ስትሪት እየተባለ የሚጠራው ይህ ቤት ድኻ ያክማል፣ ሕጻናት ያስተምራል፤ እያደር ደግሞ ሙዚቃና ዳንስ ማስተማር ጀመረ። አሊስና አይሪን ልዊሶን የተባሉ ባለጸጋ እኅትማማቾች በ1915 በግራንድ ጎዳና ላይ ለሰፈሩ ልጆች አንድ ቴአትር ቤት አሠሩ። ስሙ ኔይበርሁድ ፕሌይሀውስ፣ ማለትም የሰፈር ቴአትር ቤት ነው። የመክፈቻው ትዕይንት በዳንስና በዜማ የቀረበው «የዮፍታሔ ልጅ» ነበር። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ታሪኩን ያውቀዋል። አባቷ ድል አድርጎ ሲመለስ ከበሮዋን ይዛ እየዘፈነች ልትቀበለው ወጣች፤ በዚያው በደስታዋ ጠፋች። በግራንድ ጎዳና ይህን የተጫወቱት የባለ መርፌዎቹ ልጆች ናቸው።

የልዊሶን እኅትማማቾች ሐሳብ ከምጽዋት የጸዳ ነበር ለማለት አይቻልም። ቀድመው የመጡት የጀርመን አይሁድ፣ ከምሥራቅ የመጡትን ወገኖቻቸውን ጮክ ብለው የሚናገሩና ያልሠለጠኑ አድርገው ይመለከቷቸው ስለነበር፣ በጥበብ አርመው አሜሪካዊ ሊያደርጓቸው ፈልገው ነበር። ልጆቹ ግን የተሰጣቸውን ወስደው ያልተሰጣቸውን ሠሩበት።

ከነዚህ መካከል አንዷ ሔለን ቤከር ናት። ከሩሲያ በመጡ ወላጆች የተወለደችው ይህች ልጅ በሄንሪ ስትሪት ዳንስ ጀመረች፤ በሜትሮፖሊታን ኦፔራም ባሌት ተማረች፤ ከዚያም ሁለቱንም ትታ በ1927 ታሚሪስ በሚል ስም ብቻዋን መድረክ ላይ ወጣች። ስሙን የወሰደችው ስለ አንዲት የፋርስ ንግሥት ከተጻፈ ግጥም ነው። በቀጣዩ ዓመት በጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ ዜማዎች ላይ የተመሠረቱ ዳንሶችን ማቅረብ ጀመረች። ያን ጊዜ የነጭ ዳንሰኛ ጓዝ የግሪክ ቀሚስና የሩቅ ምሥራቅ ሻሽ ነበርና፣ የራሷን አገር ጭቁኖች ዜማ ለዳንስ ይበቃል ብላ መነሣቷ እንደ ድፍረት ተቆጠረ።

ሁለተኛይቱና ከሁሉም የላቀችው አና ሶኮሎው ናት። በ1910 በኮኔቲከት ግዛት በሀርትፎርድ ተወለደች። ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ እንደመጣ አባትየው በሽታ ስለጣለው እንጀራ የማምጣቱ ሸክም በእናቷ ላይ ወደቀ። ሣራ ሶኮሎው ልብስ ሰፊ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልና ሶሻሊስት ነበረች፤ ልጆቿን ወደ ሰልፍ ይዛ ትወጣ ነበር። ልጅቱ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት በአንድ የአይሁድ ሴቶች የበጎ አድራጎት ቤት ዳንስ አየች፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ ነገር አላየችም። እናትየዋ ሰልፉን ብትወድም ዳንሱን አልወደደችም። ዳንሰኛ መሆን በእርሷ ዘንድ ሴተኛ አዳሪ ከመሆን የማይሻል ነበር። አና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ትምህርቷንም ቤቷንም ትታ ወጣች። በፋብሪካ እየሠራች በኔይበርሁድ ፕሌይሀውስ ተማረች፤ በዚያም ከማርታ ግራሃምና ከሙዚቀኛው ሉዊ ሆርስት ጋር ተገናኘች። ከ1930 አንሥቶ እስከ 1938 ከግራሃም ዋነኞቹ ዳንሰኞች አንዷ ሆና ቆየች።

ይህ ዘመን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያንኮታኮተበት ዘመን ነው። ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ለዳቦና ለሾርባ የተሰለፈው ሕዝብ ጎዳናውን ሞልቶ ነበር። በ1932 መጀመሪያ ላይ ሐሪ ሲምስ የተባለ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አይሁዳዊ ወጣት በኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አካባቢ ሠራተኞችን ሲያደራጅ ተገደለ። ጥቂት የዳንስ ተማሪዎች ይህን ሰምተው በዚያው ወር ኒው ዳንስ ግሩፕ፣ ማለት አዲስ የዳንስ ቡድን፣ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አብዛኛዎቹ አይሁዳውያት ነበሩ፤ ሚርያም ብሌቸር፣ ፋንያ ገልትማን፣ ናድያ ቺልኮውስኪ። መፈክራቸው ዳንስ የመደብ ትግል መሣሪያ ነው የሚል ነበር። በአሥር ሳንቲም አንድ ሰው አንድ ሰዓት የዳንስ ስልት ይማራል፣ አንድ ሰዓት ከራሱ ፈልስፎ ይደንሳል፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ስለ ኑሮውና ስለ ዓለም ሁኔታ ይወያያል። ከሥራ የወጣ ባለ መዶሻና ባለ መርፌ ወገቡን እየያዘ ይመጣ ነበር። ዳንስ ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ዋጋ ለእንዲህ ያለ ሰው ቀርቦ አያውቅም።

በዚህ ጎራ የተሠራው ሁሉ ግን ጥበብ ነበር ማለት አይደለም። በየአዳራሹና በየሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ከቀረቡት ዳንሶች ብዙዎቹ የተጨበጠ እጅ፣ የተወረወረ ክንድ፣ ወደፊት የሚገሠግሥ ሰልፍ ከመሆን አላለፉም። ተመልካቹ ከመጋረጃው መከፈት በፊት መጨረሻውን ያውቀዋል። መፈክርን በእግር መጻፍ በእጅ ከመጻፍ የሚለየው በድካሙ ብቻ ነው። ይህን ጉድለት የዘመኑ ሐያሲዎች ብቻ ሳይሆኑ ከያንያኑ ራሳቸውም አይተውታል፤ ስለዚህም ነበር በየመጽሔታቸው አምርረው የሚከራከሩት። ክርክሩን በሥራ ከመለሱት አንዷ ሶኮሎው ናት።

በ1935 «እንግዳው የአሜሪካ ቀብር» በሚል ርእስ የቡድን ዳንስ አቀረበች። መነሻው ማይክል ጎልድ የጻፈው ግጥም ሲሆን፣ የሚያወሳውም የቀለጠ ብረት ውስጥ ወድቆ ከብረቱ ጋር አንድ ላይ ስለረጋ ስደተኛ ሠራተኛ ነው። የሚቀበር ሬሳ የለም፤ ያለው ብረት ነው። ሶኮሎው ይህን ሰው የሚወክል አንድ ዳንሰኛ አቁማ ሌሎቹን እንድታለቅስ አላደረገችም። ቡድኑ ራሱ አንድ ጊዜ ማሽን፣ አንድ ጊዜ ሐዘንተኛ ይሆናል። በሁለት ዓመት ልዩነት ያወጣችው «የጉዳይ መዝገብ ቁጥር» የተሰኘው ሥራዋ ደግሞ ሥራ አጥተው በየመንገዱ የሚባዝኑ ወጣቶችን የሚመለከት ነው። ቁጥሩ ሳይጻፍ ተትቷል፤ በመዝገብ ቤት ፋይል የሆነ ወጣት ቁጥሩ ስንት ቢሆን ለማን ግድ ይሰጠዋል?

እነዚህ ወጣቶች ቀን ቀን የሚማሩት ስልት በከፊል ከጀርመን የመጣ ነበር። በኒው ዮርክ የታላቋ ጀርመናዊት ዳንሰኛ የሜሪ ቪግማን ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ ነበርና፤ የኒው ዳንስ ግሩፕ መሥራቾችም ከዚያው የወጡ ናቸው። በመሆኑም በጀርመን የደረሰው መከራ ለነርሱ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ኩርት ዮስ «አረንጓዴው ጠረጴዛ» በተባለው ፀረ ጦርነት ዳንሱ በ1932 በፓሪስ አንደኛ ሽልማት አግኝቶ ነበር። የዳንሱን ሙዚቃ የጻፈለት አይሁዳዊው ፍሪትስ ኮኸን ነው። በቀጣዩ ዓመት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኮኸንንና ሌሎቹን አይሁድ ባልደረቦቹን እንዲያባርር ታዘዘ። ዮስ አይሁዳዊ አልነበረም፤ ቢያባርር የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን ቡድኑን በሙሉ ይዞ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በእንግሊዝም ተጠለለ። የዘመናዊው ዳንስ አባት የሚባለው ሩዶልፍ ላባን በአንጻሩ እስከ 1936 ድረስ በጎብልስ ሚኒስቴር ሥር ሠራ፤ ቪግማንም ለበርሊን ኦሊምፒክ መክፈቻ ዳንስ አዘጋጀች። ታትያና ባርባኮፍን የመሰሉ ዳንሰኞች ፈረንሳይ ሸሽተው ከመያዝ አልዳኑም፤ ባርባኮፍ በ1944 አውሽዊትስ ተወስዳ ተገደለች።

ለዚያው ለ1936 በዓል ማርታ ግራሃም ከጀርመን መንግሥት ግብዣ ደረሳት። ክብርና ገንዘብ የነበረበት ግብዣ ነው። አልቀበልም አለች። ከምክንያቶቿ አንዱ ከዳንሰኞቿ ብዙዎቹ አይሁድ መሆናቸውና በዚያ አገር የሚገባቸውን አቀባበል የማያገኙ መሆናቸው ነው። ግራሃም በፖለቲካ ስብሰባ የምትውል ሴት አልነበረችም። ተማሪዎቿ በመምህራቸው ላይ ምን ተጽዕኖ አሳደሩ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይቀርብለትም። በዚያው ዓመትም የኒው ዮርኩ የቪግማን ትምህርት ቤት የመሥራቿን ስም ፍቆ በዳይሬክተሯ በሐንያ ሆልም ስም ተጠራ።

ወደ ታሚሪስ እንመለስ። የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ ከያንያን ሥራ ለመስጠት ባቋቋመው የፌዴራል ድርጅት ውስጥ ዳንስ የራሱ ክፍል እንዲኖረው አጥብቃ የታገለችው እርሷ ነበረች። በዚሁ ድርጅት በ1937 ያቀረበችው «ወንድሞች ሆይ፣ እስከ መቼ» የተሰኘው ሥራዋ በደቡብ ጥቁሮች የተቃውሞ ዜማዎች ላይ የቆመ ነው። ዜማዎቹን የሰበሰበው ሎውረንስ ጌለርት ነው። ሥራው ተወደደ፣ ተሸለመም፤ መንግሥት በጀት ሲቀንስም ዳንሰኞቹና ተመልካቾቹ ከቴአትር ቤቱ አንወጣም ብለው በዚያው አደሩ። ነገር ግን አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። መዘምራኑ ጥቁሮች ናቸው፣ ዳንሰኞቹ ደግሞ ነጮች። የጥቁሩ ድምፅ ተፈቅዶ የጥቁሩ ገላ ከመድረኩ ዳር ቆሟል። ታሚሪስን በክፋት የሚጠረጥራት የለም፤ ይሁን እንጂ ለሌላው መናገርና ሌላው እንዲናገር ቦታ መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቦታ የመልቀቁን ሥራ ከታሚሪስ ይልቅ ሁለት ተቋሞች ሠሩት። አንደኛው ያው ኒው ዳንስ ግሩፕ ነው። ፐርል ፕራይመስ በትሪኒዳድ ተወልዳ በኒው ዮርክ ያደገች፣ በባዮሎጂ የተመረቀች፣ ሆኖም በጥቁርነቷ በሙያዋ ሥራ የተከለከለች ወጣት ነበረች። ኒው ዳንስ ግሩፕ በነጻ ተቀብሎ አስተማራት። በ1943 «እንግዳ ፍሬ» የተሰኘውን ዳንሷን አቀረበች። ቃሉ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ ስለመስቀል የሚናገር ሲሆን፣ ጸሐፊው ኤብል ሚሮፖል የተባለ የብሮንክስ አይሁዳዊ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ቢሊ ሆሊደይ ዘፍናው ስሙ በዓለም ገነነ። ፕራይመስ ግን ዘፈኑን አልተጠቀመችም፤ ቃሉ ብቻ እየተነበበ ደነሰች። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው፣ የተሰቀለውን ሰው ሆና አልደነሰችም። ሰውየው ሲሰቀል ቆማ ካየችው ሕዝብ መካከል፣ ሁሉም ከተበተነ በኋላ የምትቀረውን አንዲት ሴት ሆነች። ተመልካቹ ራሱን በዚያች ሴት ውስጥ ሲያይ መቀመጫው ይቆረቁረዋል። ዶናልድ መኬይልም ከዚሁ ቤት ወጥቶ በ1951 «ጨዋታዎች» በሚለው ሥራው የጎዳና ልጆችን ፍርሃት መድረክ ላይ አመጣ።

ሁለተኛው ተቋም በኒው ዮርክ 92ኛ ጎዳና የሚገኘው የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1874 ነው። በ1934 የትምህርት ክፍሉን የያዘው ዊልያም ኮሎድኒ በሚቀጥለው ዓመት የዳንስ ማዕከል ከፈተ፤ ግራሃምን፣ ሐምፍሪንና ሌሎችንም አስተማሪ አድርጎ ጋበዘ። የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ኪራይ ለወጣት ዳንሰኛ የማይቀመስ ነበር። ኮሎድኒ አዳራሹን ከፈተላቸው፤ አይሁድ ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቀም። ፐርል ፕራይመስ የመጀመሪያ ትዕይንቷን በዚህ አዳራሽ አቀረበች። ከቴክሳስ የመጣው አልቪን ኤይሊም ማርች 30 ቀን 1958 የራሱን ቡድን እዚሁ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። በጃንዋሪ 1960 ደግሞ እዚያው «ሪቨሌሽንስ» ታየ። ይህ ሥራ በጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ ዜማ፣ በጥቁር ደራሲ፣ በጥቁር ገላ የተደነሰ ነው። ታሚሪስ በ1937 ዳር ያቆመችው ሁሉ መሐል ገባ። ዛሬ ከዓለም ዘመናዊ ዳንሶች በዚህ ያህል ተመልካች የታየ ጥቂት ነው።

በዚህ መሐል ጦርነቱ አልፎ የስድስት ሚሊዮን አይሁድ እልቂት ተሰማ። ሶኮሎው ከ1939 ጀምሮ ወደ ሜክሲኮ እየተመላለሰች ታስተምር ነበር፤ ተማሪዎቿም «ሶኮሎቫዎቹ» ይባሉ ነበር። የዚያ አገር ሠዓሊዎች በግድግዳ ላይ ሕዝባቸውንና ታሪኩን ሳያፍሩ ሲሥሉ ማየቷ የራሷን ውርስ እንድትመለከት አደረጋት። በ1945 «ካዲሽ» የተሰኘውን የብቻ ዳንሷን አወጣች። ካዲሽ አይሁድ ለሙታን የሚያደርሱት ጸሎት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ጸሎቱን የሚያደርሰው ወንድ ልጅ ሲሆን፣ በጸሎት ጊዜ በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የቆዳ ጠፍርም የሚታሰረው ወንድ ነው። ሶኮሎው ጠፍሩን በራሷ ክንድ ላይ ጠመጠመች። ሃይማኖተኛ አልነበረችም፤ የሞቱትን የሚያስብ ወንድ ልጅ ሲጠፋ ግን ሴት ልጅ ቆመች።

ዋናው ሥራዋ ገና ነበር። ፌብሩዋሪ 1955፣ በዚያው በ92ኛው ጎዳና አዳራሽ፣ «ክፍሎች» ታየ። መድረኩ ላይ ከወንበሮች በቀር ምንም የለም። ዳንሰኞቹ ስምንት ናቸው። እያንዳንዳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበሩ ክፍል ነው፣ ክፍሉ በትልቅ ከተማ ውስጥ በኪራይ የተያዘ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም። «ፍላጎት» በተሰኘው ክፍል ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች እግራቸውን በወለሉ ላይ እያንሸራተቱ ወደ ጎረቤታቸው ይሰዳሉ፣ ሊነካኩ ሲሉ ይመልሱታል። «ሽሽት» በተባለው አንዲት ሴት ባዶ ወንበሮችን እንደ ሰው እያቀፈች ከሌለ ወዳጅ ጋር ትጫወታለች። ኬንዮን ሆፕኪንስ የጻፈው የጃዝ ሙዚቃ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው መስኮት እንደሚሰማ ዓይነት ነው። መጨረሻ ላይ ማንም አይድንም፣ ማንም አይሞትም፤ ሁሉም በየወንበራቸው እንደተቀመጡ ይቀራሉ።

ወንበሩ በዳንስ ላይ ያመጣውን ለውጥ አሳንሶ መገመት አይገባም። ዳንሰኛ ዝለል፣ ብረር ሲባል የኖረ ፍጡር ነው። ሶኮሎው ቁጭ አደረገችው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ላየች ልጅ፣ የተቀመጠ ሰው ገላ ስንት ነገር እንደሚሸከም ማወቅ ላይከብዳት ይችላል። ከሃያ ዓመት በፊት በሰልፍ የገሠገሠው ሕዝብ ወዴት እንደገባ የሚነግረንም ይኸው ዳንስ ነው፤ አንድ በአንድ ወደየክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል። በ1961 ባወጣችው «ሕልሞች» ደግሞ ክፍሉ የናዚ ማጎሪያ ሆነ። ከሷ በኋላ በአሜሪካና በአውሮፓ ወንበርን የመድረክ ተዋናይ ያደረጉ ብዙ የዳንስ ደራሲዎች መጥተዋል፤ ሁሉም ዕዳቸውን ያወቁት አይመስልም።

ያ በር የመዝጋት ዘመን የራሱ ምክንያት ነበረው። የአሜሪካ ምክር ቤት «ፀረ አሜሪካ ተግባር» መርማሪ ኮሚቴ በ1930ዎቹ ከግራ ክንፍ ጋር የነካካ ሁሉ እየጠራ ይመረምር ነበር። ጄሮም ሮቢንስ፣ የትውልድ ስሙ ራቢኖዊትስ፣ በ1953 ቀርቦ የቀድሞ ጓዶቹን ስም ሰጠ። ከዚያ በኋላ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን በ1957፣ «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»ን በ1964 ሠርቷል፤ በሁለተኛውም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሠርግ ለዓለም ሁሉ ታየ። ችሎታው አያጠራጥርም፤ የሰጣቸው ስሞችም አልተረሱም። በካሊፎርኒያ የነበረችው ቤላ ሉዊትስኪ ግን፣ በ1916 በበረሃ ውስጥ በተቋቋመ የሶሻሊስቶች መንደር ከሩሲያ አይሁድ የተወለደችው፣ በ1951 ስትጠራ አልተነፈሰችም። ለጋዜጠኞችም ዳንሰኛ እንጂ ዘፋኝ አለመሆኗን ነገረቻቸው። በነርሱ የአራዳ ቋንቋ «መዝፈን» ጓደኛን አሳልፎ መስጠት ነው። በ1990ም መንግሥት ለሥነ ጥበብ የሚሰጠውን ገንዘብ ለመቀበል በሥራው ውስጥ ነውር አይኖርም የሚል ቃል ፈርሙ ሲል ሉዊትስኪ አልፈርምም ብላ ከሰሰች፣ ረታችም።

የአሜሪካው ታሪክ ወደ እስራኤል የተሻገረው በነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ከቪየና የፈለሰችው ጌርትሩድ ክራውስ በ1935 እዚያ ገብታ የመካከለኛው አውሮፓን ዳንስ ዘርታ ነበር። በ1949 ደግሞ ከየመን ወላጆች በኢየሩሳሌም የተወለደችው ሣራ ሌቪ-ታናይ ኢንባል የተባለውን ቡድን መሠረተች። ሌቪ-ታናይ በወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያ ያደገች፣ የዳንስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ነበረች። የየመን አይሁድን ጉልበት ሰበር አረማመድ፣ የእጅ ምልክትና ዜማ ወስዳ አዲስ የመድረክ ቋንቋ ሠራችበት። ሮቢንስ አይቶ ተደነቀ፤ ሶኮሎው በ1953 ሄዳ ዳንሰኞቹን እንድታሠለጥን ያደረገውም እርሱ ነው። ይሁንና በ1964 ባሮኒት ባትሼቫ ደ ሮትሽልድ ማርታ ግራሃምን አማካሪ አድርጋ ባትሼቫ የዳንስ ቡድንን ስታቋቁም፣ በአገሪቱ ዘመናዊ የሚለው ስም ለዚህኛው ተሰጠ። ኢንባል «ባህላዊ» ተባለ። ሌቪ-ታናይ ከያኒት እንጂ ባህል አሳላፊ ብቻ አለመሆኗን ስታስረዳ ኖራለች፤ በ1973 የእስራኤል ሽልማት ቢሰጣትም ክርክሩ አላበቃም። በኒው ዮርክ ቀድመው የገቡት የጀርመን አይሁድ ከምሥራቅ የመጡትን እንዴት ያዩ እንደነበር ላስታወሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ይኸው ክርክር ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ቅርብ በሆነ መልክ ተደግሟል። በ1984ና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱት ቤተ እስራኤል እስክስታቸውንና የቄሶቻቸውን ጸሎት ይዘው ገቡ። ሩት ኤሸል የተባለች እስራኤላዊት ዳንሰኛና የዳንስ ታሪክ ተመራማሪ ከስደተኞቹ ዘንድ እየሄደች እንቅስቃሴውን መዘገበች፤ በ1995ም በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎችን ሰብስባ «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቴአትር አቋቋመች። በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተሰኘው ቡድን ተከተለ። ሙከራው ቀላል አልነበረም። ትከሻው በሠርግ ቤት እንደሚመታ ይምታ ቢባል ተመልካቹ «ባህላዊ» ብሎ አጨብጭቦ ይሄዳል፤ የግራሃምን ወይም የባትሼቫን ስልት ይልበስ ቢባል ትከሻው ይጠፋል። ኤሸል የመረጠችው ከትከሻው፣ ከአንገቱና ከትንፋሹ ተነሥቶ መድረኩ የሚጠይቀውን አዲስ ቅርጽ መፈለግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የ«ቤታ» አመራር ደጌ ፈደር ለተባለች፣ በኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል ለተወሰደች፣ በ«እስክስታ» ቡድን ውስጥ በተማሪነት መደነስ ለጀመረች የዳንስ ደራሲ ተላለፈ። በቡድኑ የሚቀርቡትን ዳንሶች የምትደርሰው አሁን እርሷ ናት።